ደከመኝ የማይሉ እግሮች

ሰው ደክሞት እንደሆነ መጠየቅ ሥራዬ ነው። በሚዛን አማን የሴቶች እግር ኳስ ቡድን የአካል ብቃት አሰልጣኝ ነኝ። የተጫዋቾቹ ጡንቻ ምን ያህል እንደዛለ መከታተል፣ የዛለውን ማሳረፍ፣ ሳይበጠስ መድረስ የኔ ድርሻ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩኝ ከባዱ ነገር መለካቱ መስሎኝ ነበር። ከባዱስ ማናገሩ ኖሯል። እዚህ አገር ሰውን ደክሞህ ነው ወይ ብሎ ከመጠየቅ ዕድሜውን መጠየቅ ይቀላል። ዕድሜውንም አይነግርህም፤ ቢያንስ ግን ይስቃል።

ሲጀመር ደንበኛውን መንገድ ሞከርኩ። ጠዋት ከልምምድ በፊት እያንዳንዷን ተጫዋች አስቆምና "ድካምሽ ከአንድ እስከ አስር ስንት ነው?" እላለሁ።

"ይመስገን ቲቸር።" ከቡድኑ ሥራ ጎን ለጎን ትምህርት ቤት ስፖርት ስለማስተምር ሁሉም ቲቸር ነው የሚሉኝ።

"ይመስገን ቁጥር አይደለም። ቁጥር ንገሪኝ።"

"አስር።"

"አስር ማለት እኮ መቆም አቅቶሻል ማለት ነው!"

"ውይ! እኔ ከአስር አስር ያገኘሁ መስሎኝ። እሺ በቃ ዜሮ አድርጊልኝ።"

እንዲህ ያለ ጠዋት ስንት እንዳሳለፍኩ እኔ ነኝ የማውቀው። አስር የሚባለውን ቁጥር ስታስቀምጥላቸው ፈተና ይመስላቸዋል፤ ፈተና ከመሰላቸው ደግሞ አንዷም መውደቅ አትፈልግም። ቁጥሩን ገለበጥኩት፤ አስር ማለት ትኩስ፣ አንድ ማለት የሞተ አልኩ። ያን ዕለት ሁሉም አስር አሉ። ግብ ጠባቂዋ ትኩሳት ይዟት በፎጣ ተጠቅልላ ቆማ "አስር" አለችኝ።

በኋላ ሲገባኝ ችግሩ ቁጥሩ አልነበረም፤ አምበሏ ነበረች። አምበላችን ከሁሉም በዕድሜ ትበልጣለች፤ ከኔ ጋር እኩያ ነን። የቴፒ ልጅ ናት፤ መሀል ሜዳ ላይ ትጫወታለች። ሌሎቹ "እትዬ" ነው የሚሏት። ታላቅ ሳይናገር ታናሽ አይናገርም፤ ታላቅ ሳይቀመጥ ታናሽ አይቀመጥም፤ እና ታላቅ ሳይደክመው ታናሽ እንዴት ይደክመዋል? ቁጥሩን ወደ መጀመሪያው መልሼ ስጠይቅ አምበሏ "ሁለት" ትላለች። ከዚያ ጀምሮ ቡድኑ በሙሉ ሁለት ነው። ሜዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ስትመላለስ የዋለችውም ሁለት፣ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ሙዝ ስትበላ የዋለችውም ሁለት። ለየብቻ ከትምህርት ቤቱ ግንብ ጀርባ እየወሰድኩ መጠየቅ ጀመርኩ። የመጀመሪያዋ ጥያቄ የእነሱ ሆነች፦ "እትዬ ስንት አለች?"

"ምን አገባሽ? ያንቺን ነው የጠየቅኩሽ።"

"እንደሷ ይሁንልኝ ቲቸር።"

አምበሏን ራሷን ይዤ ተማጸንኩ። "እባክሽ አንድ ቀን እንኳ ደከመኝ በያቸው። አንቺ ካላልሽ አንዷም አትልም።"

"እኔ ደከመኝ ካልኩማ ነገ ማን ይሮጣል?" አለችኝና ጫማዋን ማሰር ቀጠለች። ንድድ ስል ደግሞ ፈገግ ትላለች፤ ይሄ ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ።

አፋቸውን ትቼ ወደ እግራቸው ዞርኩ። የዛለ ጡንቻ ዘልሎ ከፍ አይልም፤ ይህን ማንም መደበቅ አይችልም። እያንዳንዷ ጣቷን ጠመኔ ነክታ ከግንቡ ሥር ቆማ ትዘላለች፤ ጣቷ ያረፈበትን ምልክት አያለሁ፤ ከወትሮው ዝቅ ካለ እግሯ ደክሟል። ቀላል ነገር ነው፤ ማሽን አያስፈልገውም። ግን ሚዛን ነው ያለነው። እዚህ ዝናብ የሚያቆመው ሌላ ዝናብ እስኪመጣ ነው። ርጥብ ግንብ ጠመኔ አይዝም። ልጆቹ ራሳቸው ዘዴ አመጡ፤ ጣታቸውን ቀዩ ጭቃ ውስጥ እየነከሩ ይዘሉ ጀመር። ጭቃው ያዘ። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ግን ግንቡን ሲያዩ ጮሁ፤ ቀለም አስቀቡት። እኛም አዲሱ ነጭ ቀለም ላይ መልሰን ዘለልንበት፤ ምልክቱ እንዴት ጥርት ብሎ ይታይ ነበር! ከዚያ ወዲህ ርእሰ መምህሩ ሰላምታዬን በግማሽ አፍ ነው የሚመልሱት።

ዋናው አሰልጣኝ ጋሼ ደግሞ በበኩላቸው "ግንብ ላይ እያዘለልሽ ጉልበታቸውን የምትጨርሺው አንቺ ነሽ" ይሉኛል። እሳቸው በወጣትነታቸው ባዶ እግራቸውን ተጫውተዋል፤ ድካም የሚባለው ነገር ከእኔ ጋር ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ይመስላቸዋል።

ከግንቡ ሌላ አንድ መሣሪያ አለኝ፤ እሱን ማንም አላስተማረኝም። የቡድናችን የጋራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ለአብዛኞቹ ግን የአፍ መፍቻቸው አይደለም። እግራቸው ትኩስ በሆነ ጊዜ ሁሉም በአማርኛ ይጠራራሉ፤ "ስጪኝ"፣ "ከኋላሽ"፣ "ልቀቂያት"። ሲዝሉ አማርኛው ይጠፋል። ተከላካዮቹ በቤንችኛ፣ ግብ ጠባቂዋ በከፊኛ፣ አምበሏ በሸኮ ቋንቋ መጮኽ ይጀምራሉ፤ ሁሉም ይጮኻል፣ ማንም ማንን አይሰማም። ያኔ ማሳረፍ እንዳለብኝ አውቃለሁ። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው "አንቺ ልጅ፣ ምሳ በልተሻል?" አሉኝ።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ።

ኅዳር ነበር፤ የቡና ለቀማ የጦፈበት ጊዜ። ከቴፒ ቡድን ጋር እዚያው ቴፒ ላይ ጨዋታ ነበረን። ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ክለብ ተጫዋች የሚመርጥ ሰው ሊልክ መሆኑን ሰማን፤ የሚመጣውም የግራ መስመር ተጫዋቻችንን ሊያይ ነው። ይህችን ልጅ ኳስ ይዛ ስትሮጥ ያየ ሰው ለምን እንደሚመጡላት አይጠይቅም። የሚጠይቀው ለምን እስካሁን እንደቆዩ ነው። ከሚዛን ወጣ ብሎ ካለ መንደር ነው የምትመጣው፤ ከእናቷ በቀር ማንም የላትም። ክረምት ላይ የጭኗ የኋላ ጡንቻ ተስቦባት ነበር። ያን እግር ስንከባከብ ነው የከረምነው፤ ከራሴ እግር ይልቅ የሷን አውቀዋለሁ። ድኗል። ነገር ግን አንዴ የተሳበ ጡንቻ ዝሎ እያለ በሙሉ ፍጥነት ከተሮጠበት የሚበጠሰው በዚያችው ቦታ ነው። ከተበጠሰ ደግሞ የዓመቱ ጨዋታ አለቀ፤ የአዲስ አበባው ሰውም ሌላ ልጅ ፍለጋ ሌላ ከተማ ይሄዳል።

በዚህ መሀል እናቷ ወድቀው እጃቸው ተሰበረ። ቡናው ቀልቷል፤ ካልተለቀመ ይረግፋል። ልጅቷ "ቴፒ ላልሄድ እችላለሁ" አለች። ጋሼ ይህን ሲሰሙ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ፈለጉ። ሆኖም ከሁለት ቀን በኋላ "እሄዳለሁ፤ ተስተካክሏል" አለች። እንዴት እንደተስተካከለ አልጠየቅናትም። እኔ ሌላ ጦርነት ላይ ነበርኩ። ጋሼ ከጨዋታው በፊት ባለው ሐሙስ ጠዋትና ማታ ልምምድ ሊያሠሩ አስበዋል፤ እኔ ደግሞ ሙሉ ዕረፍት እፈልጋለሁ። ተከራከርን። ለመንኩ። ተቆጣሁ። በመጨረሻ "ውሰጂው! ቀኑን ውሰጂው! ብንሸነፍ ግን አንቺን ነው የማውቀው" ብለው ለቀቁልኝ።

ልጆቹን ሰብስቤ "ሐሙስ ምንም አይሠራም" አልኳቸው። "መሮጥ የለም፣ መዝለል የለም፣ ገበያ የለም። እግራችሁን ትራስ ላይ ከፍ አድርጋችሁ ትተኛላችሁ።"

"እሺ ቲቸር!" አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ።

አንድም ጥያቄ ሳይጠይቁ ሁሉም እሺ ሲሉ መጠርጠር ነበር። አልጠረጠርኩም። እንዲያውም ያን ሐሙስ እኔ ራሴ እግሬን ከፍ አድርጌ ተኛሁ።

ዓርብ ጠዋት ወደ ቴፒ ከመሳፈራችን በፊት ግንቡ ሥር አሰለፍኳቸው። ከሙሉ ቀን ዕረፍት በኋላ ምልክቱ ከፍ ማለት ነበረበት፤ ለጋሼ ላሳያቸው ቸኩያለሁ። የመጀመሪያዋ ዘለለች፤ ዝቅ አለ። ሁለተኛዋም ዝቅ አለ። ጭቃው ቀጥኖ ይሆናል ብዬ ሌላ ጭቃ አስመጣሁ። ያው ነው። ከዚያ ድንገት ግንቡን ትቼ ጣታቸውን አየሁ። የሁሉም ጣት ጥቁር ብሏል፤ ክንዳቸው በቅርንጫፍ ተጫጭሯል። በዚህ አገር ይህን ጣት የማያውቅ ሰው የለም። የእሸት ቡና ጣት ነው።

"ትናንት የት ነበራችሁ?"

ዝም።

"የት ነበራችሁ ነው የምላችሁ!"

ግብ ጠባቂዋ ምስጢር መያዝ የማትችል ልጅ ናት። "ደቦ ወጥተን ነው ቲቸር። የሷን እናት ቡና ለቅመን ነው" አለች፤ በዓይኗ የግራ መስመሯን ልጅ እያሳየችኝ።

ሁሉም! ተጠባባቂዎቹ ሳይቀሩ ሁሉም። ቡናው ያለው ገደል በሚያክል ቁልቁለት ላይ ነው፤ ባጃጅ አይወርድበትም። ቀኑን ሙሉ ሲለቅሙ ውለው የሞላውን ማዳበሪያ ተሸክመው ዳገቱን እየወጡ ባዶ እጃቸውን ቁልቁል ሲሮጡ፣ እንደገና ተሸክመው ሲወጡ ነበር። በተለይ ያ ቁልቁለት! ሰው ዳገት ነው የሚያደክመው ይላል። ጡንቻን የሚጎዳው ቁልቁለቱ ነው፤ እየተለጠጠ ክብደት ሲይዝ ውስጥ ውስጡን ይላላል። ሕመሙ ደግሞ በማግስቱ ሳይሆን በማግስቱ ማግስት ነው የሚብሰው። ማለትም ቅዳሜ። ማለትም የጨዋታው ቀን። አንድ ጠላት ተቀምጦ ቢያስብ ከዚህ የተሻለ ቀን አይመርጥልንም።

የምሰድበው አጣሁ። ስንፍና ቢሆን እሳደብ ነበር፤ ጭፈራ ቤት ቢያድሩ እሳደብ ነበር። ልጆቹ የሠሩት ደግ ሥራ ነው። የጓደኛቸው እናት እጅ ተሰብሮ፣ ልጅቷ ልቧ ሳይከፈል ቴፒ ሄዳ እንድትታይ ብለው ነው። ደግ የሠራ ሰው ላይ መናደድ እንዴት ያንገበግባል! ተናድጄ መጮኽ አልችልም፤ ሳልጮኽ መናደድ ደግሞ አልችልበትም። ግንቡን በጥፊ መታሁት።

ደቦውን ያዘጋጀችው አምበሏ ነበረች። እሷም ተራዋ ደርሶ ዘለለች፤ ምልክቷ ከወትሮው ቦታ ንቅንቅ አላለም። ቡና ተሸክማ ቁልቁለት ስትወርድ ያደገች ሴት ናት፤ እግሯ አንድ ቀን ለቀማን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ከሁሉም ዝቅ ያለው የግራ መስመሯ ልጅ ምልክት ነበር።

መኪናው ጀርባ ወሰድኳትና የጭኗን የኋላ ጡንቻ ጫን አልኩት። ከንፈሯን ነከሰች።

"ያምሻል።"

"አያመኝም።"

"ልጄ፣ እኔን ነው የምትዋሺኝ?"

አንገቷን ደፋች። "ቲቸር፣ ደከመኝ ብል ምን ይላሉ? ለእናቴ ብለው እኮ ነው። ቀኑን ሙሉ ዝናብ ላይ ቆመው። አሁን እኔ ተነስቼ በናንተ ደቦ ምክንያት መጫወት አቃተኝ ልበላቸው? እትዬ ዓይኗን እንዴት ነው የማየው?"

"የሚታየው ዓይን አይደለም፤ እግርሽ ነው!"

"እግሬ ይድናል" አለች። አንገቷን ደፍታ ይህንኑ ደጋገመችው፤ ከዚህ ሌላ ቃል ከአፏ ማውጣት አልቻልኩም።

ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። እስክጨርስ የሚያዳምጡ መስለው ነበር። "ቀኑን የለመንሽው አንቺ ነሽ" አሉ። "ሰውየው ከአዲስ አበባ የሚመጣው ማንን ሊያይ ነው? ግብ ጠባቂዋን? ልጅቷ ደከመኝ ብላለች?"

"አላለችም።"

"እንግዲያው አልደከማትም።"

ቅጥቅጥ አውቶቡሱ ላይ ወጥቼ ከፊት ተቀመጥኩ። ቴፒ ገብተን አደርን።

ቅዳሜ ቴፒ እንደ ሁልጊዜው ይሞቅ ነበር። ሜዳው ዙሪያ ሰው ጢም ብሏል። አምበሏ ከተማዋ ስለሆነ ገና ስትገባ በስሟ የሚጠራት ብዙ ነው። አባቷ ጃንጥላቸውን ይዘው ከፊት ረድፍ ተቀምጠዋል። ሽማግሌ ናቸው። ልጃቸው ኳስ መጫወቷን ድሮ ይቃወሙ እንደነበርና አሁን ግን ለጎረቤት ሁሉ እንደሚያወሩ እሷ ራሷ ነግራኛለች። የአዲስ አበባው ሰው ኮፍያ አድርጎ ከጥላው ሥር ተቀምጧል።

የመጀመሪያው አጋማሽ ላይ ኳሱን አላየሁም፤ ያየሁት አንድ እግር ብቻ ነው። ልጅቷ ስትጀምር ሮጠች፤ ሰው ጮኸላት፤ ኮፍያ ያደረገው ሰው ቀና አለ። ቆየት ሲል እርምጃዋ አጠረ። ማንም አላየኝም ባለች ጊዜ እጇ ወደ ጭኗ ጀርባ ይሄዳል፤ ጫን ታደርገዋለች፤ እንደገና ትሮጣለች። ሜዳው ላይ አማርኛ እየሳሳ መጣ። ከኋላ ቤንችኛ ተሰማ፤ ከዚያ ከፊኛ። ከአጋማሹ መጨረሻ በፊት አማርኛ የሚናገሩት ዳኛውና አምበሏ ብቻ ነበሩ።

ዕረፍት ላይ ጋሼን ያዝኳቸው። "ይቀይሯት። እባክዎ።"

"ሰውየው እያያት ነው!"

"እግሯ ሲበጠስም ያያታል!"

"ዞር በይልኝ" አሉ። ዞር አልኩላቸው። የዞርኩት ግን ወደ አምበሏ ነው። ውኃ እየጠጣች ነበር። ተንበርክኬ ጆሮዋ ሥር ነገርኳት፤ የልጅቷ ጡንቻ እየሄደ ነው፣ ሁለተኛውን አጋማሽ አይጨርስም፣ ደከመኝ የማትለው ደግሞ እናንተን አፍራ ነው፤ በተለይ አንቺን። እንዲህ ብዬ ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። ደግ ነገር ሠራሁ ያለ ሰው ጉዳት ማድረሱን ሲሰማ እንዴት እንደሚሆን አየሁ። ውኃውን አስቀምጣ ወደ ሜዳ ገባች። እኔም አልሰማችኝም ብዬ በጋሼ ላይ የነበረኝን ንዴት እሷም ላይ ደረብኩባት።

ሁለተኛው አጋማሽ ብዙም ሳይቆይ አምበሏ ሜዳው መሀል ቆመች። ኳሱ ሌላ ቦታ ነበር። ከዚያ ቁጭ አለች፤ እግሯን ዘርግታ መሬት ላይ ቁጭ። ዳኛው ፊሽካ ነፉ። እኔ የሕክምና ቦርሳዬን ይዤ ሮጥኩ፤ ቁርጭምጭሚቷ መስሎኛል።

"ምን ሆንሽ?"

"ደክሞኛል!" አለች። ለእኔ አይደለም የተናገረችው፤ ድምፅዋ እስከ ማዕዘኑ ይሰማል። "ከትናንት ወዲያ የተሸከምኩት ቡና ገድሎኛል! ቀይሩኝ!"

ከሕዝቡ ፉጨት ተነሳ። የገዛ ከተማዋ ሰው። "አሮጊት!" አለ አንዱ፤ ሰው ሳቀ። ተነስታ አቧራዋን አራገፈች፤ ቀስ ብላ እየተራመደች ልክ በግራ መስመሯ ልጅ አጠገብ አለፈች፤ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት። ከሜዳ ልትወጣ ስትል ልጅቷ እጇን አነሳች። የቀኝ እጇን፣ ክፍል ውስጥ መልስ እንደሚመልስ ተማሪ። "ቲቸር፣ እኔንም ደክሞኛል" አለች፤ እንባዋ ይወርዳል።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ስናገር እስካሁን ራሴን እይዛለሁ። ታላቋ ብላለቻ! የቀኝ ተከላካይዋ እጇን አነሳች። ከመሀል አንዷ አነሳች። አጥቂዋ ሁለት እጇን አነሳች። የዓመቱን ጠዋት ሁሉ እየለመንኩ ያላገኘሁትን እውነት በአንድ ጊዜ፣ በጨዋታ መሀል፣ ሕዝብ ፊት አመጡልኝ። ጋሼ "አሁን ነው የምትደክሙት? አሁን?" እያሉ መስመሩ ላይ ይመላለሳሉ። የቅያሪ ዕድላችን አለቀ፤ እጅ ግን አላለቀም። ቡድናችን የቀረውን ጊዜ በተጠባባቂዎችና በእንጥልጥል እግር ጨረሰው። ተሸነፍን፤ ክፉኛ ነው የተሸነፍነው።

ኮፍያ ያደረገው ሰው ጨዋታው ሳያልቅ ተነሳ። በር ላይ ደረስኩበት።

"አየኋት፤ ፈጣን ናት" አለ። "ግን ራሷ ጠይቃ የምትወጣ ተጫዋች... ገብቶሻል አይደል?"

አልገባኝም፤ ገባኝም። በአንድ ትንፋሽ ሁሉንም አወረድኩበት፤ ግንቡን፣ ቡናውን፣ ቁልቁለቱን፣ የተሳበውን ጡንቻ። "ዛሬ ያየኸው የዛለ እግር ነው፤ እሱም ፈጥኖብሃል። የራሷን እግር የምታውቅ ልጅ ካልፈለግክ የማታውቅ ልጅ ውሰድና አስታምማት!" አልኩት። ፊቱን ጠራረገ፤ ስጮኽ ምራቄ ደርሶበት ሳይሆን አይቀርም። ምንም ቃል ሳይሰጠኝ ሄደ። ሰውን ላለማንጠልጠል አሁኑኑ ልናገረው፦ ጥር ላይ ተመልሶ መጣ። ልጅቷ ያን ጊዜ በሙሉ እግሯ ሮጠችለት፤ ወሰዳት። ያን ቅዳሜ ግን ይህን ማናችንም አናውቅም ነበር። የምናውቀው ሰውየው ፊቱን አጥቁሮ መሄዱን ነው።

ዝናብ ሳይቀድመን ብለን ወዲያው ተሳፈርን። መኪናው ገና ከከተማው ሳይወጣ ሁሉም ተኛ፤ ልጅቷ ከኋላ ወንበር አፏን ከፍታ ተኝታለች። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ተኝተው ይሁን እኔን ላለማየት አላውቅም። አምበሏ አጠገብ ተቀመጥኩ። መስኮት መስኮቱን ታያለች።

"አንቺ አልደከመሽም ነበር" አልኳት ቀስ ብዬ።

"ማን አለሽ?"

"ደከመኝ ስትይ አማርኛሽ ጥርት ያለ ነበር። የምር ደክሞሽ ቢሆን በሸኮ ነበር የምትይው።"

ፈገግ አለች፤ ፈገግታው ግን አልቆየም። "አባቴ አይቶኛል" አለች። "መሬት ላይ ስቀመጥ፣ ሰው ሲያፏጭብኝ፣ ቀና ብዬ አየሁት። ተነስቶ ወጣ። ሊሰናበተኝ እንኳ አልመጣም።"

የዚህን ጊዜ ንዴቴ ሁሉ ወዴት እንደሄደ አላውቅም። "ደውዬ ልንገራቸው" አልኳት።

"ምን ብለሽ? ልጅህ ዋሽታ ነው ብለሽ? ነገ ልጅቷ ጆሮ አይደርስም?"

ልክ ናት። የቡናው እርሻ በሁለቱም በኩል ያልፋል። ስልኳ ጮኸ። አየችው፤ አባቷ ናቸው። አላነሳችውም። እንደገና ጮኸ። እጄ ላይ አስቀመጠችውና "አንቺ አናግሪው" አለች።

"ሃሎ? ልጄ ነሽ?"

"አይደለሁም አባባ፣ አሰልጣኟ ነኝ።"

"የት ወሰዳችኋት? እኔ በኋላው በር ዞሬ እናንተ ዘንድ ልመጣ ስል ፖሊሱ አላስገባ ብሎኝ ስጨቃጨቅ ሄዳችኋል! ምን ሆና ነው የተቀመጠችው?"

አምበሏ ዓይን ዓይኔን ታያለች። "ደክሟት ነው አባባ" አልኩ።

"እሷን?" አሉ። "እሷ እኮ ከልጅነቷ ጀምራ ደከመኝ ብላ አታውቅም።"

"ዛሬ ብላለች።"

"እና እስክትል ነው የምትጠብቁት?" ድምፃቸው ስልኩን ሰነጠቀው። "ሰው ሁሉ ፊት መሬት ላይ እስክትቀመጥ ድረስ አይታችሁ አታሳርፏትም? አንቺስ እናት የለሽም? ሰው መሆኗን አታይም? በሬ እንኳ ሲደክመው ይታወቃል!"

"እሺ አባባ። ልክ ነዎት አባባ" አልኩ። ሽማግሌው አላቆሙም። የቡናው እርሻ እስኪያልቅ ድረስ ተቆጡኝ፤ እኔም እሺ እሺ እያልኩ ሰማሁ። ሲዘጉት ስልኩን መለስኩላት።

"ተናዷል?" አለችኝ።

"በጣም።"

"በኔ?"

"ባንቺ አይደለም፤ በኔ ነው። ለምን አላሳረፋችኋትም ብለው።"

ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው፤ ሚዛን እስክንደርስ ድረስ።